የዳዊት መላጊያ

ቅዳሜ ጥቅምት 12 ቀን 1987 ዓ.ም.

ዛሬ ከሴት ልጄ ከሂሩት ጋር ከሲልቨር ስፕሪንግ አቅራቢያዋ ወዳለችው ከተማ ወደ አሌክሳንድሪያ ሄድን። ሟቹ ልጄ ዳዊት ስድስት ዓመት የሠራበት የድሮ የእንጨት ሥራ ቤት ከስሮ ዕቃው ለዕዳ በጨረታ ይሸጥ ነበር። ባለቤቱ ከመቶ ዓመት በፊት ቤቱን ያቆሙትን የቅድመ አያቱን ፎቶ ሳይቀር ለሽያጭ አውጥቶታል። ገዢው ክፈፉን ብቻ እንደሚፈልግ ሲናገር ባለቤቱ ሳቀ። እንዲህ ያለውም ሰው ከረባት ያስራል።

እኔ የሄድኩት ዳዊት በመጀመሪያ ደመወዙ ለገዛት መላጊያ ነበር። ቁጥር ለጥፈውባት ከቤቱ ዕቃ ጋር ደርድረዋታል። ሂሩት ባለቤቱን የወንድሜ ናት ብትለው፣ "ደረሰኝ አላችሁ?" አለ።

"ሰው ሲሞት ደረሰኙን ለእናቱ አስረክቦ ነው ወይ የሚሞተው በይልኝ" አልኳት።

"እማዬ፣ እሱን አልተረጉምም። ዝም ብለሽ እጅሽን አውጪና እንግዛት።"

የገዛ ልጄን ንብረት ተጫርቼ ገዛሁ። የተፎካከረኝም አልነበረም። ስንወጣ ባለቤቱ በር ድረስ ተከትሎን እጁን ዘረጋልኝ።

"ጎበዝ ሠራተኛ ነበር" አለ። "ስሙ ማን ነበር?"

ስድስት ዓመት አሠርቶት። ሂሩት ልትነግረው ስትል ክንዷን ይዤ ወደ መኪናው ወሰድኳት። የልጄን ስም ከእኛ አይሰማም።