ቼይንሶው ሚኒሞ እስኪይዝ

ቅዳሜ፣ ጥር 9 ቀን 2012

አላጠብኩትም። ግቢውን አጥቤያለሁ፣ ቼይንሶውን ግን አላጠብኩትም። ለአሠሪዬ ለማዳም ሦስት ጊዜ ነግሬያታለሁ። አሁን ለደብተሬ እነግረዋለሁ፤ እሱ ቢያንስ አያቋርጠኝም።

ሐሙስ ከአቧራ ነፋሱ በኋላ ግቢውን በጎማ አጠብኩ። ጋራዡ ጥግ ያለውን ቼይንሶ፣ የማዳምን ባል የባባን የሞተር መጋዝ፣ በጠረጴዛ ላስቲክ ሸፍኜው ነበር። ትናንት ባባ የደረቀውን ዛፍ ሊቆርጥበት አስነሳው። ሙሉ ጋዝ ሲሰጠው ይጮኻል፤ ጣቱን ሲያላላ ይንተፋተፍና ይጠፋል። አምስት ጊዜ አስነሳው፣ አምስት ጊዜ ጠፋ። ማዳም በመስኮት ብቅ ብላ፣ «እሷ ናት፣ ውሃ አስገብታበት ነው» አለች። በዚያው ተፈረደብኝ።

ባለፈው ሳምንት ትንሿ የወጥ ቤት ቢላዋ ጫፏ ተሰብሮ ቤተሰቡ ከሚዝናናበት የበረሃ ካምፕ በተመለሰው ዕቃ መሃል ስትገኝም ጥፋተኛዋ እኔው ነበርኩ። «ቢላዋ መያዝ እንኳ አታውቂም» ተባልኩ።

የአሁኑ ቅጣት፦ ማፊ ጁምዓ። የዓርብ ዕረፍቴ ተሰረዘ።

ዓርብ ደግሞ የጓደኛዬ የሰናይት ልጅ ሰማንያ ቀኗ ነው። አቡ ሃሙር ባለው ቤተ ክርስቲያን ትጠመቃለች፣ ክርስትና የማነሳት እኔ ነኝ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ሳይወጣ፣ ሁለት ወር ከበር ሳልወጣ፣ በየቀኑ እየደወለች አእምሮዬን የጠበቀችልኝ ሰናይት ናት። ዛሬ ነገርኳት። «ቀኑ አይቀየርም፣ ቄሱ አንዴ ተናግረዋል። ካልመጣሽ ክርስትና እንድታነሳት እትዬ አስካለን ልለምናት ነው» አለችኝ።

እትዬ አስካለ ደግ ሴት ናት። ግን ልጅቷ የኔ ናት።

እሑድ፣ ጥር 10

ማዳምን ቁርስ ላይ ያዝኳት። «እኔ ካበላሸሁት እኔው ልሥራው። ከሠራ ዓርብ የኔ ነው» አልኳት። ሳቀች። ባባ ከስልኩ ቀና ሳይል፣ «ትሞክር። ጠጋኞቹ ሰፈር ሰናኢያ ብወስደው ሳምንት ይፈጃል፣ እኔ ሐሙስ ማታ ካምፕ እወጣለሁ» አለ። ማዳም፣ «ኢንሻአላህ» አለች።

የማዳም ኢንሻአላህ ሦስት ዓይነት ነው፦ እሺ፣ አይሆንም፣ እና ሂጂ ከፊቴ። የዛሬው ሦስተኛው ነው።

ይሁን። አራት ዓመት ኬሚስትሪ ተምሬያለሁ። ደላላው «የትምህርት ቤት ላብራቶሪ ረዳት» ብሎ ዐረብ አገር አመጣኝና ገራፋ በሚባል ሰፈር ቪላ ውስጥ መስኮት እወለውላለሁ እንጂ ዲግሪዬ አልጠፋም፣ ሻንጣዬ ውስጥ ነው። ቼይንሶ ነክቼ አላውቅም። ግን የሙከራ ሕጉ አንድ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይር፣ ያየኸውን ጻፍ።

መጀመሪያ ውሃው። ነዳጁን በባዶ የማር ጠርሙስ ቀዳሁና መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። ውሃ ቢኖርበት ከታች ለብቻው ይተኛ ነበር። ከምሳ እስከ ዐስር ጠበቅኩ። ምንም የለም።

እውነቱን ለመጻፍ፣ እየጠበቅኩ ፈርቼ ነበር። ላስቲኩ ቀዳዳ ነበረው ይሆን እያልኩ።

ጠርሙሱን ለማዳም አሳየኋት። «ሽታው ቤት እንዳይገባ» አለች።

ሰኞ፣ ጥር 11

ጥምቀት። አሥራ አንድ ሸሚዝ ተኮስኩ።

ዐም ዑስማን፣ ሱዳናዊው ሹፌር፣ አዲስ ቤንዚን ከዘይት ጋር ቀላቅሎ አመጣልኝ። የድሮው ካለፈው ዓመት የብርድ ወራት ካምፕ የተረፈ፣ የሙቀቱን ወራት ሙሉ ጋራዥ ውስጥ የተቀቀለ ነው። ቀየርኩት። ቶሎ ይነሳል፣ ግን ያው ይጠፋል። ከዚያ የአየር ማጣሪያውን ፈታሁ። የበረሃ አሸዋ ጠጥቶ እንደ ብስኩት ሆኗል። በጥርስ ብሩሽ አጸዳሁት። አሁን ከመጥፋቱ በፊት እስከ ስድስት እቆጥራለሁ፤ ቅድም ሁለት ነበር።

አባቴ ታክሲ ሲነዳ፣ «መኪናው ሚኒሞ አይዝም» ይል ነበር። ጋዝ ሳይሰጡት በራሱ ቀስ ብሎ መሥራት አቃተው ማለቱ ነው። የዚህም በሽታ እሱ ነው። ስሙን ማወቄ ብቻ ትንሽ አቀለለኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 12

ዛሬ ልዋሽ ነበር።

ሞተሩ ላይ ሚኒሞውን ከፍ የሚያደርግ ብሎን አለ። በካቻቢቴ ትንሽ አዞርኩት፤ አልጠፋም። ሌላ ትንሽ፤ ምንም ጋዝ ሳልነካ መሥራት ቀጠለ። ማዳምን ልጠራ ዞርኩ። ዐም ዑስማን ክንዴን ያዘኝ።

«ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ሰንሰለቱን ተመልከቺ።»

ሰንሰለቱ ይዞራል። ጋዝ ሳይሰጠው መቆም የነበረበት ሰንሰለት።

«ባባ እንጨት ቆርጦ መጋዙን ወደ ጎኑ ሲያወርደው እግሩን ይዞት ይሄዳል» አለኝ። «ልጆቹም ካምፕ ውስጥ ይሮጣሉ።»

ማዳም ልዩነቱን አታውቅም። ጩኸቱን ሰምታ ዓርቤን ትሰጠኝ ነበር። ካቻቢቴውን እንደገና አነሳሁ። ከዚያ ብሎኑን ወደነበረበት መለስኩት። ወዲያው ጠፋ።

ሰናይት መልእክት ልካለች፦ «አስካለን ልንገራት?» እስከ ሐሙስ ጠብቂኝ አልኳት።

ረቡዕ፣ ጥር 13

ሰሃን እያጠብኩ አሰብኩ። ሙሉ ጋዝ ላይ ደህና ከሆነ ካንዴላው ደህና ነው፣ ነዳጁም ይደርሳል። የሚራበው ዝቅ ሲል ብቻ ነው። ስለዚህ ችግሩ ለዝቅተኛው ፍጥነት ነዳጅ የሚሰጠው ጋ ነው። ከቼይንሶው ጋር የመጣው መመሪያ በአሥራ ሁለት ቋንቋ ተጽፏል፣ የኛ የለበትም። በእንግሊዝኛው አነበብኩ። ካርቡሬተሩ ላይ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፣ በየውስጣቸው አንዳንድ ትንሽ ብሎን። አንዱ ለከፍተኛ፣ አንዱ ለዝቅተኛ ፍጥነት።

በዝቅተኛው ቀዳዳ ካቻቢቴ ሰደድኩ። አልይዝ አለ። በስልኬ አበራሁበት፤ አንድ ነገር ብልጭ አለ። ቅንድቤን የምነቅልበትን ወረንጦ ይዤ ተመለስኩ። ሦስት ጊዜ አመለጠኝ። በአራተኛው ወጣ።

የቢላዋ ጫፍ።

ወጥ ቤት ሮጬ የተሰበረችውን ቢላዋ ከመሳቢያው አወጣሁ። ገጠምኩት። ልክ።

ለካ ባባ ካምፕ ውስጥ ካቻቢቴ አጥቶ ይህን ብሎን በወጥ ቤት ቢላዋ ሲያዞር ሰብሯታል። ብሎኑንም እስከ መጨረሻው አጥብቆታል፤ ለዚያ ነው ነዳጅ ያጣው። መመሪያው እንዳለው ካጠበቀበት አንድ ዙር መልሼ ከፈትኩ። ገመዱን ሳብኩ።

ሚኒሞ ያዘ። ሰንሰለቱ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ሞተሩ በቀስታ ይሠራል። ጋዝ ሰጠሁት፣ ሳይንተፋተፍ ተነሳ። ለቀቅኩት፣ ተመለሰ። እስከ መቶ ቆጠርኩ። ዐም ዑስማን ጋራዡ ውስጥ ጨፈረ። ጨዋ ሽማግሌ ነው፣ ለሌላ ሰው አይነገርም።

ከዚያ ንዴቱ መጣ። ሁለት ጥፋት ተሸክሜ ነበር፣ ሁለቱም የሌላ ሰው።

«ጁምዓሽን ነው የምትፈልጊው ወይስ ባባን መክሰስ?» አለኝ ዐም ዑስማን።

«ሁለቱንም።»

«ያ ቢንቲ፣ አንዱን አስቀድሚ።»

ሐሙስ፣ ጥር 14

አልጮኽኩም። ልናገር ያዘጋጀሁት ብዙ ነበር፣ በአረብኛ ሳይቀር ተለማምጄው። በመጨረሻ የባባን ሻይ በትሪ ሳቀርብ ቢላዋዋን ከጎኑ አደረግኩ፣ ጫፏንም ከአጠገቧ። «ቼይንሶው ተሠርቷል። ይህ ካርቡሬተሩ ውስጥ ነበር» አልኩ። ሌላ ቃል አልጨመርኩም።

ባባ ጫፏን አነሳ። ከቢላዋዋ ጋር ገጠማት። ማዳምን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ሻዩ እስኪፈስ ሳቀ።

«ወላሂ እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ነኝ፣ በካምፑ።»

ማዳም እኔ የወለወልኩትን ጠረጴዛ እንደገና ወለወለች።

ባባ ወጥቶ አስነሳው፣ የደረቀውንም ዛፍ በአንድ ትንፋሽ ጣለው። ሲመለስ፣ «ነገ ዑስማን ያድርስሽ» አለኝ። ማዳም፣ «ከመግሪብ ሶላት በፊት ተመለሺ» አለች። ይቅርታ አልጠየቀችኝም። ወደ ወጥ ቤት ስገባ ግን ተከትላኝ መጣች፣ በሩ ላይ ቆመች።

«የልጅቷ ስም ማነው?»

«ነገ ነው የሚወጣላት» አልኳት።

«ኢንሻአላህ ደህና ትሁን» አለች። ይህ ከሦስቱ አንዱም አይደለም። አራተኛ መሆኑ ነው።

ለሰናይት ጻፍኩላት፦ «ለእትዬ አስካለ ስለ ድግሱ ብቻ ንገሪያት፤ ልጅቷን የማነሳት እኔ ነኝ።»

ዓርብ፣ ጥር 15

በሎሚ ታጠብኩ፣ በሳሙና ታጠብኩ፣ እጄ ግን አሁንም ቤንዚን ይሸታል። ልጅቷን ስቀበላት ሰናይት አሸተተችኝ።

«ልጄን ጋራዥ ልታስቀጥሪያት ነው?»

«ላብራቶሪ» አልኳት።

ውሃው ሲነካት ጮኸች፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ እስኪዞር። እኔ አቅፌያት ነበር። ወለተ ኪዳን ተባለች። እትዬ አስካለ ከኋላዬ ነጠላዬን እያስተካከለች፣ «የእናቷ ጉልበት አላት» አለች፤ ሰናይትን ይሁን እኔን ማለቷ አልገባኝም፣ አልጠየቅኋትም።

ከመግሪብ በፊት ገባሁ። ማዳም ከነገ ጀምሮ ምን ጥፋት እንደምታገኝብኝ አላውቅም። የሚቀጥለውን ዓርብም አላውቅም። ባባ ከካምፕ ለዐም ዑስማን ድምፅ ልኮ ነበር፤ የሰው ድምፅ የለበትም፣ ቀስ ብሎ የሚሠራ ሞተር ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ አሰማኝ።

የቢላዋዋን ጫፍ ማንም አልጠየቀኝም። እዚህ ገጽ ላይ በፕላስተር ለጥፌያታለሁ።