ውሃ የቋጠሩ ጣቶችና የአባታችን በገና

ይድረስ በገዳሪፍ ለሚኖረው ለውድ ወንድሜ ለሀብተ ሥላሴ ወልደ ሐዋርያት፤

የጣና ማዕበል የዳሩን ድንጋይ ሳይሰለች ደጋግሞ እንደሚመታ፣ ሰላምታዬም እንዲሁ ደጋግሞ ይድረስህ። እንደምን ከርመሃል? እንደምን ሰንብተሃል? እንደምንስ አድረሃል? ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ የምጠይቅህ ደብዳቤ የሚያደርስ ሰው በየቀኑ ስለማይገኝ ነው። ያ የጎንህ ውጋት ተወህ ወይ? ባለቤትህ እናትዓለም የዚያን አገር ሙቀት ለመደችው? ሕፃኑስ ጥርስ አወጣ? ዓምና በሰው አፍ የላክኸው ሰላምታ ደርሶናል፤ ግን ሰላምታውን ያመጣው ሰው ጥርስ ስለ ማውጣት ምንም አላለንም።

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የእናታችን የእማሆይ ፅጌ ማርያም ዐይን ጨርሶ ከብርሃን ተለይቷል፤ ጆሯቸው ግን የሁላችንንም ያህል ይሰማል፤ ድመቷ በየት በኩል እንደ ገባች የሚነግሩን እሳቸው ናቸው። ጣሊያኖቹ በሐይቁ ዳር መንገድ ያስጠርጋሉ። ካሚዮናቸው ሲያልፍ የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ ጣራ ላይ ይወጣል፤ እኛም ከዶሮው ብዙ አንሻልም። ይህን ደብዳቤ ለፖስታቸው አልሰጠሁም፤ ሌላ ሰው እንዲያነበው አልፈልግም። የሚያደርስልህ የጎረቤታችን የዓሣ አጥማጁ የዳውድ ወንድም፣ ከሐይቁ ማዶ የደልጊው ነጋዴ አደም ነው። አብላው፣ አጠጣው።

አሁን ወደ ዋናው ወሬዬ ልግባ። ይህን ሳልነግርህ አራት ቀን መቆየቴ ራሱ ሌላ ጾም ሆኖብኝ ነበር።

አንተ በሃያ ስምንት ዓመተ ምሕረት በግንቦት ከወጣህ ጀምሮ የአባታችን በገና ከግድግዳው አልወረደም። በየዓመቱ በደብረ ዘይት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው እቤታችን ሲሰበሰብ አንተ ትደረድር አልነበር? ሁለት ዓመት ሙሉ ሰዉ እየመጣ ንፍሮውን በላ፣ ግድግዳውን አየ፣ ሄደ። ዘንድሮ በጥር ወር እማሆይ የነፍስ አባታቸውን፣ የደሴቱን መነኩሴ አባ ገብረ መስቀልን አስጠርተው፣ «በደብረ ዘይት በታንኳዎ ይምጡና በገናውን ወደ ገዳሙ ይውሰዱልኝ። የሚነካው የሌለው በገና በቤቴ እንደ ሬሳ ሲጠበቅ አልወድም» አሉ። እኔ ደንግጬ «ሀብተ ሥላሴ ሲመለስስ?» ብላቸው፣ «በቃል የመጣ ሰላምታ ነፋስ ነው፤ ልጄ የሚመለስ ቢሆን ልቤ ይነግረኝ ነበር» አሉኝ። ወንድሜ፣ ያን ጊዜ ገባኝ። በገናው በታንኳ ከወጣ እናታችን አንተን መጠበቅ ይተዋሉ።

ከአፌ እንዴት እንደ ወጣ አላውቅም፤ «በደብረ ዘይት እኔ እደረድራለሁ» ብዬ ተናገርሁ። አባ ገብረ መስቀልን ሳል ያዛቸው። እማሆይ ግን «እንግዲያው እንሰማለን» አሉ።

አባታችን አለቃ ወልደ ሐዋርያት ነፍሳቸውን ይማርና አንተን ሲያስተምሩ እኔ ጥግ ተቀምጬ ጥጥ እፈትል ነበር። ላንተ ሦስት ጊዜ የደገሙልህን እኔ በአንድ ጊዜ እይዘው ነበር፤ ዛሬ ብናገረው አትቀየመኝም። ስለዚህ ዜማው በራሴ ውስጥ አለ። ችግሩ ጣቴ አያውቀውም። አዲስ አበባ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስንት ዓመት ስማር ያልፈራሁ ሴት፣ በዐሥር አውታር ፊት እንደ ፊደል ቆጣሪ ተንቀጠቀጥሁ። እማሆይ ቅዳሴ ሲሄዱ እየጠበቅሁ ከዘወረደ ሰኞ ጀምሬ እስኪመለሱ መደርደር ያዝሁ፤ ያን የሚያህል ሰዓት፣ በለሰለሰ ጣት። አንተ ብትኖር ትቆጣኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን የግራ እጄ ሌባ ጣትና የመሐል ጣት ውሃ ቋጠሩ። ሲያድሩ እንደ ራሰ ሽምብራ አበጡ። በገናው ቀርቶ ጥጥ መያዝ አቃተኝ።

እማሆይን ቤተ ክርስቲያን የምትመራልን ጎረቤታችን ወይዘሮ የብርጓል «ቅቤ ቀቢው» አለችኝ። በዐቢይ ጾም ቅቤ በጣት ላይ ይፈቀድ እንደ ሆነ ተጨንቄ አባ ገብረ መስቀልን ብጠይቃቸው፣ «ጣትሽ አፍ የለውም፤ ቀብተሽ እንዳትልሺው እንጂ ምን አለበት» አሉ። ቀባሁ። ቅቤው ቆዳውን ይበልጥ አለሰለሰው፤ በቅድስት ሳምንት አንድ ስንኝ ልሞክር ብዬ ብነካው ሁለቱም ፈነዱ፣ ቆዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ። ለደብረ ዘይት ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ጣቴን ይዤ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። ያለቀስሁት ለሕመሙ ብቻ አይደለም፤ ታንኳዋ በገናውን ጭና ስትሄድ እየታየኝ ነው።

የዳውድ ሚስት ዘሊካ ከሐይቁ ስትመለስ አየችኝ። «ምነው ሸጊቱ፣ እጅሽን እንደ ታመመ ጫጩት አቅፈሽ?» አለች። ነገርኋት። ስለ ቅቤው ስትሰማ እስኪበቃት ሳቀችብኝ። «ቅቤማ የሚለሰልስ ቆዳ ነው የሚቀባው። አንቺ ጣትሽን የምትፈልጊው እንዲጠነክር ነው ወይስ እንዲለፋ?» አለችኝ። ከዚያ ጎትታ ጓሯቸው ወሰደችኝ። ዳውድ መረቡ በውሃ ብዛት እንዳይበሰብስ የግራር ቅርፊት በተቀቀለበት ውሃ እንደሚነክረው ታውቃለህ። «የመረቡን ክር ያጠነከረ ጣት አያቅተውም፤ የዳውድን እጅ ያጠነከረው ይኸው ነው» ብላ በቅል ቀድታ ሰጠችኝ። የፈነዳው እስኪጠግግ ሦስት ቀን በገናውን እንዳልነካ፣ ከዚያ ጠዋትና ማታ ጣቴን እንድነክር አዘዘችኝ።

ዳውድ ደግሞ ከመረቡ ቀና ሳይል አንድ ነገር ጨመረልኝ። «መቅዘፍ የሚለምድ ሰው በመጀመሪያው ቀን ደልጊ አይሄድም። እስከ መጀመሪያው ድንጋይ ቀዝፎ ይመለሳል፤ በማግስቱ እስከ ሁለተኛው። አንቺ በመጀመሪያው ቀን ነው ደልጊ ልግባ ያልሽው» አለኝ። እውነቱን ነው። ስለዚህ በአራተኛው ቀን አንድ ስንኝ ብቻ ደርድሬ በገናውን ሰቀልሁት፤ እጄ እየበላኝ። በማግስቱ ሁለት። በመፃጉዕ እሑድ መዝሙሩን እስከ እኩሌታው አደረስሁት፤ ቆዳዬም መጅ ማውጣት ጀመረ። በሌላው እጄ እየዳሰስሁት ብቻዬን እስቅ ነበር።

አንድ ነገር ግን ዘሊካ ሳትነግረኝ፣ እኔም ሳልጠይቅ ቀረን። የግራር ውሃ ያቀላል፤ ያቀላውም አይለቅም። ጣቶቼ እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ እንደ ሙሽራ ጣት ቀሉ። በአመድ አሸሁ፣ በአሸዋ አሸሁ፣ ወይ ፍንክች። የብርጓል አይታ ምንም አላለችም፤ እሷ ምንም ካላለች ደግሞ ለሌላው ሁሉ ብላለች ማለት ነው።

የደብረ ዘይት ዕለት ቤቱ ሞላ። እማሆይ በመደባቸው ላይ ተቀመጡ፣ ዘሊካና ዳውድ ከደጃፉ ሥር ቦታ ያዙ። አባ ገብረ መስቀል በገናውን የሚጠቀልሉበትን ነጭ ጨርቅ ሳይቀር ይዘው መጥተዋል። በገናውን አውርጄ ስቀመጥና እጄን ከነጠላዬ ሳወጣ ሴቶቹ ተንሾካሾኩ። አባም አዩ። «ሸጊቱ፣ በዐቢይ ጾም፣ በጌታ መምጫ ቀን፣ እንሶስላ ሞቀሽ የንስሐ መዝሙር ልትደረድሪ ነው? ጨርቁን ልዘርጋው መሰለኝ» አሉ። እማሆይ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ፤ «እውነት ነው?» አሉ።

ያን ጊዜ ዳውድ ከደጃፉ ብድግ አለ። ያ ጺማም፣ ያ በሰው ፊት የማይናገር ሰው ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘረጋ፤ እስከ አንጓው ቀይ ነው። «አባ፣ ይህ እንሶስላ ከሆነ እኔ ከሃያ ዓመት ጀምሮ ሙሽራ ነኝ» አለ። ዘሊካ በነጠላዋ አፏን ያዘች። አባ መጀመሪያ የዳውድን እጅ፣ ቀጥሎ የኔን አዩ፣ ከዚያ ጢማቸው ሥር የነበረው ሳቅ አመለጣቸው። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ነገሩንም ለእማሆይ በሹክሹክታ ያስረዳቻቸው ማን መሰለችህ? የብርጓል።

ሳቁ ሲበርድ ደረደርሁ። ሁለቱ ስንኞች እንደ ውሃ ወረዱልኝ። በሦስተኛው ላይ ሌባ ጣቴ አዲሱን ቆዳ ከፈተው፤ እሳት የነካኝ ያህል አመመኝ። ልተው አልሁ። ነጭ ጨርቁን ከአባ ጉልበት ላይ አየሁትና አልተውሁም። ሥራውን ለመሐል ጣቴ ሰጠሁት፤ እሱም ስላልለመደ ዜማው ዘገየ፣ በጣም ዘገየ፣ አንዱ አውታር ከሌላው በብዙ ትንፋሽ ተራራቀ። ተበላሸ ብዬ አንገቴን ደፍቼ ጨረስሁ። ቀና ስል ግማሹ ሰው ያለቅሳል።

እማሆይ «እጅሽን አምጪ» አሉኝ። ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳሰሱ፤ መጁንም፣ የተከፈተውንም። ከዚያ ቀስ ብለው «አባትሽም በዚሁ ስንኝ ላይ ያዘገዩ ነበር። ሰዉ መንፈስ ሲነካቸው ነው ይል ነበር፤ ጣታቸው ሲያማቸው እንደ ነበር የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። አልገለጥሁባቸውም» አሉኝ። እንግዲህ ሀብተ ሥላሴ፣ አንተ ሳያምህ እየኰረጅህ ስታዘገይ የኖርኸው የአባታችንን ውሃ የቋጠረ ጣት ነው። እንዴት እንደ ሳቅሁ፣ እንዴትም እንዳለቀስሁ ልነግርህ አልችልም።

ከዚያ ወደ አባ ዞረው «ታንኳዎ ባዶዋን ትመለስ። ልጄ ሲመጣ ባዶ ግድግዳ አላሳየውም» አሉ። ሲመጣ ነው ያሉት፤ ቢመጣ አላሉም። አባም ጨርቁን አጣጥፈው «ባዶዋንስ ከምትመለስ ከንፍሮው ይጨመርልኝ» አሉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እማሆይ ከቅዳሴ ሲመለሱ አንድ ስንኝ ደርድሪልኝ ይላሉ፤ ስለ አንተም እንደ ድሮው ያወራሉ። ስትመለስ በገናውን እንደማስረክብህ ግን ተስፋ አታድርግ፤ ተራ በተራ ነው።

እማሆይ ፅጌ ማርያም ጉንጭህን ይስማሉ፤ እናትዓለምን «ልጄን ስለ ጠበቅሽልኝ ተባረኪ» ይሏታል፤ ሕፃኑንም ይባርካሉ። ዘሊካ ሰላም ብላሃለች፤ ዳውድም እጁን አውለብልቧል፣ ቀለሙ እንዳለ ነው። የብርጓልም ሰላም ትልሃለች፤ የሰማኸውን ሁሉ ጻፍልኝ ብላለች። አባ ገብረ መስቀል ይፍታህ ብለውሃል።

ከደብዳቤው እጥፋት ውስጥ የተጠቀለለ አውታር ታገኛለህ፤ ከበገናው ላልቶ የቀየርሁት ነው። እማሆይ «ላኪለት፤ በእንጨት ላይ ወጥሮ ጣቱን በየቀኑ ያለማምድ፤ ወደ ቤቱ ሲመለስ እንደ እንግዳ ሰው ውሃ እንዳይቋጥር» ብለዋል። ከመጀመሪያው ድንጋይ ጀምር። ጫፉ ላይ የቀላውን አይተህ እንዳትደነግጥ፤ ደም አይደለም፣ የዘሊካ ግራር ነው።

እኅትህ ሸጊቱ ወልደ ሐዋርያት
ባሕር ዳር፣ መጋቢት ፯ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓመተ ምሕረት