ያልተጠየቁት ሦስት ኮሮች

ሪሐናዬ፣

የከርነል ኮድሽ የት ጋ እንደተሳሳተ አገኘሁት! ፕሮሰሰሩ አራት ኮር አለው፣ አራት ሠራተኛ በይው፣ እያንዳንዱም የራሱ የሥራ ቆጣሪ አለው። ኮድሽ ግን የሚያነበው ራሱ ያለበትን ኮር ብቻ ነው። ሌሎቹ ሦስቱ ላብ በላብ ሆነው እየሠሩ "ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈቷል" ይልሻል። እህል በረንዳ አንድ ነጋዴ ጠይቆ የመርካቶን ገበያ ማውራት እኮ ነው!

አስተካክዬዋለሁ። አሁን ሁሉም የየራሱን አንብቦ ይናገራል፣ ከዚያ ይደመራል። ሙከራው እየሄደ ነው፣ ላፕቶፑን እንዳትዘጊው።

ደግሞ ለአከራያችን ለእትዬ ሁሪያ "የዐረፋው በግ እኛ በር ላይ ይታሰር፣ ሁላችንም ተስማምተናል" ስትያት፣ እኔን መቼ ጠየቅሽኝ?

የጫማዬን ክር በልቶታል።

ግን ለምጄዋለሁ። ውሃ አጠጪው።

ለነገሩ እሱንም የጠየቀው የለም።

አፍራ