አንገቱን የሚያዞረውን ላይተሬን ስለማስመለስ

ለክቡር አቶ ሰራዊት
የእሳት ነክ ፈጠራዎች ገምጋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ
አሶሳ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። ለመሆኑ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ ከሁሉም በላይ የቀኝ እጅዎ አውራ ጣት ደህና ነው ወይ? አውራ ጣትዎን ለይቼ መጠየቄ አይግረምዎ፤ የራሴ ከተቃጠለ ወዲህ የሰው አውራ ጣት ሳላይ ማለፍ አልችልም። የእርስዎን ደግሞ በስብሰባው ዕለት በደንብ አይቼዋለሁ፤ ማህተም ከመጨበጥ ሌላ ፈተና ያልገጠመው፣ የለሰለሰ ጣት ነው። እንዲሁ ያቆይልዎ።

ምናልባት ከብዙ ባለጉዳይ መካከል ረስተውኝ እንደሆነ፣ እኔ ከባጃጅ ተራው ጀርባ የሴቶች ጢስ ቤት ያለኝ ስርጉት ነኝ። ወላጆቼ በሰፈራ ከወሎ መጥተው እዚህ የወለዱኝ፣ ይህን ቤት ከመክፈቴ በፊትም በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ያረጀሁ ሴት ነኝ። «ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ዐይኔን ጨፍኜ እተይበዋለሁ፤ ስለዚህ ለእኔ መልስ ብለው እሱን በመጻፍ እንዳይደክሙ በትሕትና አሳስባለሁ።

ክቡርነትዎ ወንድ በመሆንዎ ጢስ ቤት ገብተው ስለማያውቁ፣ ሥራችንን ላስረዳ። ክፍሉ ውስጥ ክንድ የሚያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ አለ፤ እንጨቱ ከታች ይደረደራል፣ ሴቲቱ ብርድ ልብስ ተከናንባ ከላይ ትቀመጣለች። የእኛ እናቶች ወይባ ጢስ ይሉታል፤ አብራኝ የምትሠራው ዓፊያ የዚሁ የአሶሳ ልጅ ናትና ዱኻን ትለዋለች። ስሙ ይለያይ እንጂ የአራስን ወገብ የሚጠግነውና ሙሽራን የሚያሳምረው ያው ጢስ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከመለኮሱ ላይ ነው። ክብሪት ጉድጓዱ ውስጥ ሳይደርስ ይጠፋል፤ ላይተር ደግሞ እሳቱን ወደ ላይ ይተፋል፣ እንጨቱ ግን ታች ነው። ስለዚህ ላይተሩን ዘቅዝቀን እንይዘዋለን፤ ያን ጊዜ ነበልባሉ ተመልሶ እጃችንን ይልሰናል፣ ጋዙም ይንጠባጠባል። የእኔ አንድ ቀን እጄ ላይ ፈነዳ። ቁስሉ ድኗል፤ ጣቴ ግን እንደ ቀድሞው አይታጠፍም፣ መርፌም አይዝልኝም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ከዚያ በኋላ ላይተር ባየሁ ቁጥር እጄን ቀሚሴ ውስጥ እደብቅ ነበር፤ መለኮሱም ሁሉ በዓፊያ ላይ ወደቀ።

እንግዲህ በፍርሃት ተቀምጬ ሳስብ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ሰው የሚቃጠለው ላይተሩን ስለሚዘቀዝቅ መሆኑ ነው። ሆዱ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ የሚዞረው አንገቱ ብቻ ይሁን አልኩ። ይህንኑ ይዤ ወደ ቆርቆሮ ሠሪው ወደ ሻዕባን ሄድኩ። ጥቂት አሰበና «እሳት ላይ ነው የሚሄደው፣ እጅ ታች ነው የሚሄደው፤ ሁለቱ መንገድ ላይ ይገናኛል፣ ይጣላል» አለኝ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ከኮሚቴዎ ቃለ ጉባኤ ውስጥ ፈልጌ አጥቻለሁ።

አንገቱን ከተሰበረ ሬዲዮ አንቴና ቆርጠን አወጣን፤ ከሥሩ የሚዞር ቀለበት፣ ከእጅ በኩል ደግሞ ነበልባሉን የሚከልል የቆርቆሮ ከንፈር አበጀንለት፤ መያዣውን ሙቀት እንዳያልፍበት ቀርከሃ አለበስነው። ጣት ሲነሳ እሳቱ ወዲያው እንዲዘጋም አደረግን። የመጀመሪያው ቀለበቱ ላይ ጋዝ አፈሰሰ። ሁለተኛው የሻዕባንን ቅንድብ ወሰደ፤ እኔ ስጮህ እሱ «ቅንድብ ወላሂ ይበቅላል፣ ቀለበቱን አምጣ» ብሎ በጥርሱ ነክሶ አጠበበው። ያ ጥርስ ያረፈበት ቀለበት ሦስተኛው ላይ ገባና ሠራ። ነበልባል ነበልባል ነውና ጫፉን ወደ ሰማይ ማቅናቱን አልተወም፤ ሆኖም ከእጅ ርቆ፣ ወደ ጎንና ወደ ታች ወጥቶ እንጨቱን ይይዛል። ከተቃጠልኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ እጅ ጉድጓዱን ለኮስኩ። አልዋሽዎትም፣ አለቀስኩ፤ ዓፊያ ጢሱ መስሏት ነበር።

ይህንን ለሌሎች ሴቶችም ለመሥራት ፈቃድ ያስፈልጋል ስለተባልኩ፣ ያለኝን አንዱን ላይተር ይዤ ወደ እናንተ መጣሁ። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ምስጋናዬን ነው። ቅሬታ የመሰለዎት እንደሆነ ጥፋቱ የእኔ አጻጻፍ ነው።

አንደኛ፣ ላይተሩን በጥንቃቄ ስለመረመራችሁልኝ አመሰግናለሁ። አንድ የተከበሩ አባል አንገቱን ወደ ጎን ካዞሩት በኋላ ሲጋራ ሊለኩሱበት ሞክረው፣ አጠገባቸው የተቀመጡትን አባል ጆሮ ሊለኩሱ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ለሲጋራ የተሠራ እንዳልሆነ ባስረዳም «ላይተር ከሆነ ሲጋራ መለኮስ አለበት» የሚል መልስ ተሰጠኝ፤ በቃለ ጉባኤውም ላይ «ነበልባሉ ከቀጥተኛ መስመር ያፈነግጣል» ተብሎ በጉድለት ተመዘገበ። ጃንጥላን ዝናብ አላሳልፍም አለ ብሎ መክሰስ ማለት ይኸው ነው። የደከምኩበትን ሥራ ሁሉ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጉድለት ማድረግ ችሎታ ይጠይቃልና አድናቆቴ የላቀ ነው።

ሁለተኛ፣ በዚያው ስብሰባ መካከል መብራት ሄደ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዲሉ፣ ግድቡን በጉያችን ይዘን፣ በዚያ በጠቆረ የክረምት ከሰዓት አዳራሹ ድቅድቅ አለ። ከመስኮቱ ዳር ብርጭቆ ውስጥ የቀረች የሻማ ቁራጭ ነበረች። ክቡርነትዎ ምንም ሳያመነቱ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የእኔን ላይተር አነሡ፤ አንገቱን አዞሩ፤ ብርጭቆው ውስጥ አስገብተው ሻማዋን ለኮሱ። ጣትዎ አልተነካም። እኔም ደስ ብሎኝ ላጨብጭብ አላጨብጭብ እያልኩ ሳለ፣ በዚያችው ሻማ ብርሃን ጎንበስ ብለው «የላይተሩ ጠቀሜታ አልተረጋገጠም» ብለው ጻፉ። ብርሃኑ መስመርዎን ሳይስቱ እንዲጽፉ ስለረዳዎ ሻዕባንና እኔ ኩራት ይሰማናል።

ሦስተኛ፣ በደንባችሁ መሠረት ማንኛውም ፈጠራ አገልግሎት በሚሰጥበት ቦታ፣ ሁሉም አባላት በተገኙበት በዐይን መታየት አለበት ተባለና በመኪና ተጭናችሁ ደጄ ድረስ በመምጣታችሁ ቤቴ ተባርኳል። ብቻ ከሹፌሩ እስከ ሰብሳቢው ሁላችሁም ወንዶች ነበራችሁ። የጢስ ቤት ደጃፍ ላይ ወንድ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ እንደማይል በዚህ ከተማ ሕፃንም ያውቃል፤ ዓፊያ በሩ ላይ ቆማ «ወላሂ አይሆንም፤ ውስጥ ሴት ተቀምጧል፣ ልብስ የለውም» ስትላችሁ እናንተ ግን የደንቡን አንቀጽ አነበባችሁላት። እሷም እስከ መጨረሻው አዳምጣ በሩን ዘጋችው። ከዚያ ከደጅ ቆማችሁ ከጣሪያው የሚወጣውን ስታዩ ቆይታችሁ «ጢስ ታይቷል፤ እሳት ግን አልታየም» ብላችሁ መዘገባችሁ። እሳት በሌለበት ጢስ አይኖርም እየተባለ ባደገ ሕዝብ መካከል እንዲህ ያለ አዲስ ግኝት በመገኘቱ እንኳን ደስ አላችሁ።

በዚያን ጊዜ እኔ ባለማወቄ አንድ ሐሳብ አቅርቤ ነበር። ሚስቶቻችሁን ወይም እኅቶቻችሁን ላኩ፣ ገብተው በዐይናቸው አይተው ይመስክሩ አልኩ። አባላቱ በጣም ሳቁ። ክቡርነትዎም ሳቅዎን ሲጨርሱ «ሚስቶች የኮሚቴው አባል አይደሉም» አሉኝ። ላይተሩም በቦታው ሊረጋገጥ ስላልቻለ እስከሚረጋገጥ ድረስ በኮሚቴው እጅ ይቆያል፣ እስከዚያም ሌላ መሥራት ክልክል ነው ተባለ።

አራተኛው ስለ መኪናችሁ ነበር፤ ወደ ኋላ ሲል የዓፊያን የተሰጣ ነጠላ ጎትቶ ወስዶ ስለነበር ነው። እሱን ግን በማግስቱ ስለመለሳችሁ ሰርዤዋለሁ። ኮሚቴው የወሰደውን ነገር መመለስ እንደሚችል ያወቅሁትም በዚያ ነው።

አምስተኛው ላይ ምስጋናዬ ያልቃል። ላይተሬ እናንተ ዘንድ ከቀረ በኋላ ዓፊያ ወደ ሱቅ ላይተር ተመለሰች። ክረምቱ ሳይወጣ፣ እንጨቱ እርጥብ ሆኖ እምቢ ሲላት ደጋግማ ስትለኩስ፣ የቀኝ እጇ መዳፍ ተቃጠለ። በዚያ እጅ ነበር ልጇን የምታጥበው፣ ገንፎ የምታገነፋው፣ የሴቶቹን ጀርባ የምታሸው። አሁን እጇን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ጥርሷን ነክሳ ትለኩሳለች፤ ተይ ስላት «ጣትሽ አይታጠፍም፣ የኔ ግን ይታጠፋል» ትለኛለች። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ላይ መቀለድ አልቻልኩም። ተናድጃለሁ። መድኃኒቱ ተሠርቶ በመሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ሰው ይቃጠላል።

በመሳቢያ ውስጥ ማለቴ ስሕተት ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ላይተሩ መሳቢያ ውስጥ አልነበረም።

በቀደም አንዲት የተከበሩ ወይዘሮ ወደ ጢስ ቤታችን መጡ። ወይዘሮ ሊድያ ይባላሉ፤ ወገባቸውን እንደሚያማቸው፣ ባለቤታቸውም ትልቅ የኮሚቴ ሰብሳቢ እንደሆኑ አጫወቱን። ዓፊያ ጉድጓዱ ላይ ተንበርክካ ጨርቋን ስትጠቀልል ሲያዩ ደነገጡ። «ውይ እጅሽን! ቆይ ቆይ፣ እኔ ጥሩ ነገር አለኝ፤ ባለቤቴ ከውጭ አገር አስመጥቶልኝ ነው» አሉና ቦርሳቸውን ከፈቱ። ከቦርሳው የወጣው የቀርከሃ መያዣ ያለው፣ ቀለበቱ ላይ የሻዕባን ጥርስ ያረፈበት ላይተር ነበር።

ወይዘሮ ሊድያ ደግ ሴት ናቸው። አንገቱ እንዴት እንደሚዞር በትዕግሥት አስተማሩኝ። እንዳልፈራ አበረታቱኝ። ፈረንጆች እንዴት ለሴት እጅ እንደሚያስቡ፣ የእኛ ሰው ግን ይህን ማሰብ እንደማይችል በሐዘን ነገሩኝ። እኔ ዓፊያን አየሁ፤ ዓፊያ ጉድጓዱን አየች። ከዚያም ጨርቋን ፈትታ በላይተሩ ለኮሰች፤ እጇም ለዚያች ቀን ከእሳት ተረፈ። እኔ «እውነትዎን ነው እመቤት» ብቻ አልኩ።

ለምን ዝም አልሽ ይሉኝ ይሆናል። በቤታችን ሕግ፣ ጢስ ላይ የተቀመጠችን ሴት ትዳሯን አንስቶ መናገር ነውር ነው። ክቡርነትዎ በደንብ እንደሚኖሩት ሁሉ እኛም ደንብ አለን። ሲወጡ ላይተሩን በሁለት እጄ መለስኩላቸው፤ እጄ ለመልቀቅ ትንሽ ዘገየ እንጂ መለስኩላቸው።

ይሁንና ነገሩን ሳሰላስለው ያልታሰበ ደስታ ተሰማኝ። ለካ ክቡርነትዎ የሳቁበትን ሐሳቤን በልብዎ ተቀብለውት ኖሯል! ላይተሩ አገልግሎት በሚሰጥበት ቦታ ተገኝቷል፤ በዐይን ታይቷል፤ እሳትም ጢስም ታይቷል፤ የታመኑ ምስክርም ከውጭ አገር ዕቃ ጋር የሚስተካከል መሆኑን በአንደበታቸው መስክረዋል። ምርመራው በዚህ ስለተጠናቀቀ፣ ላይተሩ ለዓፊያ እጅ ሲባል ይመለስልኝ ዘንድ በታላቅ አክብሮት አመለክታለሁ።

ጣትዎን ከእሳት፣ ወንበርዎን ከጠያቂ፣ ቦርሳ ከፋችዎን ከወገብ ሕመም ይጠብቅልዎ እያልኩ፣ በፍቃድዎ ሻማ ያበራሁልዎ፣ በትዕግሥትዎም ትዕግሥቴን የጨረስኩ፣ ዘወትር አክባሪዎ፣

ስርጉት
ከጢስ ቤቱ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ግልጽ ደብዳቤ በከተማው አደባባይ ለመለጠፍ ክብርዎ አላስቻለኝም። ስለዚህ አንዱን ቅጂ ለእርስዎ ልኬ፣ ሌላውን ጢስ ቤቱ ውስጥ፣ ከጉድጓዱ ፊት ለፊት፣ የተቀመጠች ሴት ዐይን በሚያርፍበት ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ። ወይዘሮ ሊድያ የፊታችን ቅዳሜ ቀጠሮ አላቸው። እኔ ምንም አልናገርም፤ ሕጋችን አይፈቅድም። ማንበብን ግን የሚከለክል ሕግ የለንም። ላይተሩ ከዚያ በፊት ከመጣ ወረቀቱን ራሴ አንስቼ እለኩስበታለሁ። ካልመጣና ኮሚቴው ወረቀቱን በቦታው ተገኝቶ ማንሳት ከፈለገ ደግሞ፣ በሩ ላይ ዓፊያ አለች፤ አንቀጹን እስከ መጨረሻው ታዳምጣችኋለች።