የእንግዶች እሁድ

ጥር 24፣ እሁድ

ትናንት የፈረሰኞቹ በዓል ነበር። እንጅባራ ዛሬም ፋንድያ ፋንድያ ትላለች። ቸርች ስሄድ ሁለቴ ረገጥኩ።

ስብከቱ አጭር። ካለቀ በኋላ ወንጌላዊ እንዳልካቸው "አንድ ማስታወቂያ አለኝ" አለ። ከአዲስ አበባ ስልጠና ከተመለሰ ወዲህ ማስታወቂያው ከስብከቱ ይረዝማል። የካቲት 22 "የእንግዶች እሁድ" ይሆናል። የአገሩ ሰው ሲመጣ ባዕድ ቤት የገባ እንዳይመስለው... ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ሴቶች ነጠላ ይለብሳሉ። ኪቦርዱ ይቀመጣል፣ ከበሮ ይገባል። በልሳን መጸለይ፣ ሃሌ ሉያ ብሎ መጮህ የለም። እሱንም ያን ቀን "መምህር" እንድንለው። ማተብ ያሰረ ቢመጣ ስለ ማተቡ ማንም ትንፍሽ እንዳይል። "ጌታ የሚያየው ልብን ነው።"

ሰው አጨበጨበ። የእኔ እጅ አንገቴ ላይ ነበር።

ማተቤን የበጠስኩት ዳንግላ ነው፣ ተማሪ ሳለሁ። ያኔ የዚያ ቸርች ሰዎች "ብርሃን ከጨለማ ጋር ምን አለው?" ነበር ያሉኝ። አሁን የሚታየው ልብ ከሆነ ያኔስ ምን ነበር የሚታየው?

ጥር 27

የምሰፋው የወዳጄ የሲቲ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። ዛሬ የኳየሩ ልጆች መጥተው ነጠላዋን ጠራርገው ገዙ። እኔን ደግሞ ቀሚስ አዘዙኝ፤ ጥለት ያለው፣ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ።

ሲቲ ግራ ገባት። "ምን ተገኘ? ጥምቀት አልፏል እኮ።"

ነገርኳት። ሳቀች፣ ሳቀች... "ነገ እኛን ስትፈልጉ ደግሞ ጁምዓ ልትሰግዱ ነዋ!"

አልሳቅኩም። የልቤን ነው የተናገረችው።

ቀሚሱን ግን ተቀበልኩ። ስራ ነው። እጄ ይሰፋል፣ ሆዴ ይራገማል።

የካቲት 2

እንዳልካቸው በረንዳው ድረስ መጣ። በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

"እህት ያለምወርቅ፣ እርስዎ በልጅነትዎ ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ ይመቱ ነበር አሉ።"

ማን ነገረህ? "ሰው።" የማርያም መዝሙር ዜማ ለልጆቹ እንዳስጠናለት ፈልጎ ነው። ዜማው እንዳለ ይሆናል፣ ግጥሙን እኛ እንቀይረዋለን። ሰው የሚያውቀውን ሲሰማ ልቡ ይከፈታል...

"ይሄ መቀበል ነው ወይስ ማጥመድ?" አልኩት።

"ጳውሎስም ለአይሁድ እንደ አይሁድ ሆነ።"

ጥቅስ አያጣም። የጳውሎስ እናት ሳህኑን ለይታበት ነበር ወይ? ልለው ነበር።

የእኔ እናት ለይታብኛለች። ከዳንግላ ስመለስ ባዶ አንገቴን አየች። አልጮኸችም። ራት ሲቀርብ የእኔ ለብቻው በሳህን መጣ። እስክትሞት እንደዚያው። መንደራችን ዘንገና ስትቀበር ከቤተክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆሜ ነው ያለቀስኩት። እትዬ ካሳነሽ፣ አንድያ እህቴ፣ ከውስጥ አየችኝና ፊቷን አዞረች። ይኸው እሷ ጥሊሊ፣ እኔ እንጅባራ፤ ሚኒባስ ሲመላለስ ነው የሚውለው። የምንገናኘው የሰው ለቅሶ ላይ ነው። እግዜር ያጥናሽ... እግዜር ያጥናሽ። በቃ።

እና ይሄ ልጅ ይሄን ሁሉ በነጠላ ሊሸፍነው ነው?

አላስጠናም አልኩት።

የካቲት 9፣ ሰኞ

ዐቢይ ጾም ገባ። የእንግዶቹ ምሳም የጾም ነው ተብሏል። ዛሬ ጠዋት እንዳልካቸው ሙነወር ቁርስ ቤት እንቁላል ፍርፍር ሲበላ አየሁት። መብላቱ ነውር የለውም፣ እኛ ይሄን ጾም አንጾምም። ታዲያ እንግዳ ፊት ጿሚ መምሰል ምን ይባላል?

የካቲት 15፣ እሁድ

"ላላመኑት ጸልዩ" አለ እንዳልካቸው። እናቴ ትዝ አለችኝ። በዚያ ብርድ ኪዳን ልታደርስ በባዶ እግሯ የምትሄድ ሴት ያላመነች ናት? ይሄን ቃል ያኔም አልወደድኩትም።

የካቲት 22፣ እሁድ

ነጠላ አልለበስኩም። ያንኑ የሁልጊዜ ሹራቤን። በሩ ላይ ጫማ ተደርድሯል፣ አብዛኛው የራሳችን ሰው ጫማ።

ከዚያ እትዬ ካሳነሽ ገባች።

የምትመስላት ሰው ናት ብዬ ነበር... እሷው ናት። መቃኑን ተሳለመች። ጫማዋን አወለቀች። ከኋላ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጉልበቷን ነካ አደረግኩ። እጄን አልገፋችም።

ከበሮው ተመታ። ገና ግጥሙ ሳይጀመር አወቅኩት። እናታችን ውሃ ልንቀዳ ስንወርድ የምታዜመው የማርያም መዝሙር ነው። ዜማውን ከሌላ ሰው አግኝተዋል። ማርያም ያለበትን አውጥተው ኢየሱስ አስገብተዋል። ከበሮ መቺው ደግሞ አይችልበትም፣ እየቀደመ ያበላሻል።

እትዬ ተነሳች። ጫማዋን በእጇ ይዛ ወጣች። ተከተልኳት።

"ማን ነው የጠራሽ?"

"አንድ ልጅ። ጥሊሊ ድረስ መጥቶ። ምንም አይለይም፣ እንደናንተው ነው አለኝ። እህትሽ ትጠብቅሻለች አለኝ።"

"እኔ አላልኩም።"

"አሁን ገባኝ።" ጫማዋን እያጠለቀች ነው። ቀና አላለችም። "እኔ የመጣሁት የናንተን ልየው ብዬ ነበር፣ ያለሜ። እህቴን የነጠቀኝ ምን ቢሆን ነው ብዬ። ያገኘሁት የራሴን ነው። ያውም ተበላሽቶ።"

ሁለተኛውንም ጫማ አጠለቀች።

"ከበሮውም ነጠላውም እኛ ጋ ነበር እኮ። ይሄን ከሆነ የምትፈልጉት አንቺ ለምን ሄድሽ? እምዬን ለምን አስለቀስሻት?"

መልስ ነበረኝ። ከሃያ ዓመት በላይ ሳዘጋጀው የኖርኩት። ባጃጅ ጠርታ ሄደች።

ዞር ስል እንዳልካቸው በር ላይ ቆሟል። "ቅር አላቸው እንዴ?"

"እህትሽ ትጠብቅሻለች ያልካት አንተ ነህ?"

"ለወንጌል ብዬ..."

"ጌታ ቢፈልጋት በእኔ ስም ዋሽቶ አይጠራትም።" ድምፄ እስከ ውስጥ ተሰምቷል። ይሰማ።

የካቲት 23

አልሰፋሁም። ሲቲ ፊቴን አይታ የስፌት መኪናዬን ሸፈነችልኝ።

የካቲት 29፣ እሁድ

ኪቦርዱ ተመልሷል። የእንግዶች እሁድ ሪፖርት ቀረበ፤ እጅግ የተሳካ ነበር ተባለ። ከመጡት እንግዶች መሃል እትዬንም ቆጥረዋታል። በየወሩ ይደረግ ሲባል እጄን አንስቼ ተቃወምኩ። ብቻዬን። ሽማግሌዎቹ "በጸሎት እናስብበት" አሉ። እንዳልካቸው አላየኝም። እኔም አላየሁትም።

መጋቢት 5፣ ቅዳሜ

ጥሊሊ ሄጄ ተመለስኩ።

ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ አንገቴን በስካርፍ ልሸፍን አሰብኩ። ስካርፉን አውጥቼም ነበር። ከዚያ ከእንዳልካቸው በምን ተሻልኩ? መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

እትዬ ደጃፏ ላይ ባቄላ ትለቅማለች። አየችኝ።

"ማን ላከሽ?"

"ማንም።"

"ግቢ።"

ለምን እንደሄድኩ ላስረዳት ጀመርኩ። እንዲህ ሆኖ፣ ቃሉ እንዲህ ይላል... አቋረጠችኝ። "ስብከቱን ተይው። ዳንግላ የሰማሽው መዝሙር የቱ ነው? የናንተን። ያልተቀባባውን ዘምሪልኝ።"

አፈርኩ። ድምፄ ዱሮ ቀረ። ግን ዘመርኩ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ እጄን ዘርግቼ፣ እንደ ልማዴ። እንባዬ መጣ። መጨረሻው ላይ ሃሌ ሉያው ሳላስበው አመለጠኝ፣ ጎረቤት ሳይሰማ አይቀርም።

እትዬ ባቄላዋን ስትለቅም ቆየች።

"አያምርም" አለች። "ዜማም የለው።" አንድ ነቀዝ የበላው ጥላ "አንቺን ግን ይመስላል" አለች።

ምሳ አቀረበች። ሽሮና ጎመን፣ በአንድ ትሪ። የእኔን ሳህን ታመጣለች ብዬ ጠበቅኩ። አላመጣችም። እጇን ታጥባ ከወዲያ በኩል ተቀመጠች።

"ምን ትጠብቂያለሽ? ብዪ እንጂ።"

በላሁ።

እስከ ሚኒባሱ ሸኘችኝ። ስገባ በመስኮቱ በኩል "ለፋሲካ ነይ" አለችኝ። "ያን ልጅ ግን ይዘሽው እንዳትመጪ።"