ድንጋያችን ላይ የወጣችው መርከብ

ለምወድሽ እታለሜ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ልጆቹስ? የቡሳን ብርድ ከእኛ ከጄጁ ንፋስ ይሻላል ይላሉ፤ ካልተሻለ ካልሲ ደርበሽ ተኚ። እኛ ደህና ነን፤ መንደሪኑም ዘንድሮ ጥሩ ይዟል። ደህና ያልሆነችው እናታችን ናት። አይዞሽ፣ አልታመመችም። ግን ነገሩ እሷ አጠገቤ ቆማ እየሰማች በስልክ የሚወራ አይደለም።

ዓምና በነሐሴው ማዕበል ድንጋያችን ላይ የወጣችውን የጭነት መርከብ ነግሬሻለሁ። ባለቤቷ ስልኩን ዘግቶ ጠፋ። መርከበኞቹ ወደየአገራቸው ሲሸኙ አንድ ጠባቂ መቅረት አለበት ተባለና ዕጣው በፊሊፒንሱ ወጥ ሠሪ በክሪሳንቶ ላይ ወደቀ። ስልሳ ዓመት ያለፈው፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው። መሬት ለመርገጥ ፈቃድ ስለሌለው መርከቧ እስክትነሳ ከላይዋ አይወርድም።

መርከቧ ደግሞ የተቀመጠችው ጠላቂ ሴቶቻችን የባሕር ቀንድ አውጣ በሚለቅሙበት ቦታ ላይ ነው። እናታችን አለቃቸው አይደለች? «ይቺ ቆርቆሮ ከባሕራችን ትነሳ!» አስባለች። አቤቱታውን የጻፍኩት እኔ፣ ቢሮ ለቢሮ የተመላለስኩት እኔ። እሷ በየቀኑ እየዋኘች ሄዳ ሰውየውን ትሰድበዋለች። «አንተ ዝገታም፣ ጉድህን ይዘህ ጥፋ!» ትለዋለች ከታች። እሱም ከላይ በአገሩ ቋንቋ ይመልስላታል። ጎረቤታችን ቹንጃ፣ እሷም ጠላቂ ናት፣ «እንደነዚህ ተግባብቶ የሚጣላ አላየሁም» ትላለች።

እኔ ነገሩን የጠረጠርኩት በድስት ምክንያት ነው። እንደምታውቂው በአንድ ግቢ ብንኖርም ማድ ቤታችን ለየብቻ ነው። የደሴታችን ደንብ ነውና ቅር ብሎኝ አያውቅም። ጉንፋን ጥሎኝ ስተኛ እንኳ «ሚስትህ እጅ የላትም?» ብላኝ ነው ያለፈችው። ያቺው ሴትዮ አሁን ድስት ሙሉ የባሕር ቅጠል ሾርባ ትጥዳለች! አንድ ቀን ሽታው ስቦኝ ማንኪያ ይዤ ብገባ እጄን መታችኝ። «ለሥራ ነው» አለች። ሾርባውን ምሳ ዕቃ ውስጥ ጠርቅማ፣ ስትጠልቅ በምትይዘው ተንሳፋፊ ላይ አስራ ስትዋኝ አየኋት። ስድቡ አልቀረም፤ ምሳ ዕቃው ግን ታጥቦ ነው የሚመለሰው።

ተናደድኩ፣ አልዋሽሽም። አባታችን ከሞተ ወዲህ ለእኔ ያልሳቀ ፊት ለመርከብ ጠባቂ ሲስቅ አየሁ።

ባለፈው ሳምንት ጎታች መርከብ መጣ። አቤቱታዬ ተሰማልኝ ብዬ ሮጬ ብነግራት ፊቷ አመድ መሰለ። ወዲያው ጠላቂዎቹን ከባሕር ሲወጡ በሚሞቁት እሳት ዙሪያ ሰበሰበች፤ የባሕራችን ጉዳይ እዚያ ሁሉም ሳይስማማ አይወሰንም። «ከመርከቧ ሥር ኦክቶፐስ ቤት ሠርቷል፤ ትቆይ» አለች። ሴቶቹ ተያዩ። ቹንጃ «አለቃ፣ ይሄ ኦክቶፐስሽ እግሩ ስምንት ሳይሆን ሁለት ነው እንዴ?» ስትል ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። እናታችን አልሳቀችም። እጇን እሳቱ ላይ ዘርግታ፣ «ሰውየው አገሩን ካየ ቆይቷል። ትነሳ» አለች።

መርከቧ ስትጎተት መንደሩ ሲያጨበጭብ እናታችን ባሕር ውስጥ ነበረች። ስትወጣ እንደ ፉጨት የምትተነፍሰውን ታውቂው የለ? በዚያን ቀን በጣም እየቆየ ነበር የሚሰማው። ዳር ቆሜ ፈራሁ፤ ያንን አቤቱታ በመጻፌም እጄን ረገምኩት።

ትናንት ጠዋት የበዓል ልብሷን ለብሳ ደጃፌ ላይ ቆመች። አንቺን ለመጠየቅ ቡሳን ልትሄድ እንደሆነ ነገረችኝ። ስለዚህ ሚስቴ ፀጉሯን እንድታስተካክልላት፣ እኔም ከተማ ወስጄ ፓስፖርት እንዳስወጣላት አዘዘች።

«ቡሳን እኮ እዚሁ አገራችን ነው፣ ፓስፖርት ምን ያደርግልሻል?» ልላት ነበር። ዓይኗን አየሁና መኪናዬን አስነሳሁ።

እንግዲህ እታለም፣ አክስቶቻችን ከደወሉ እናታችን አንቺ ዘንድ ናት። ስልክ ላይ አገናኚን ካሉሽ አሁን ገና ተኛች በያቸው።

ቤትሽ ይሙላ፣ ልጆችሽ ይደጉልሽ፣ መንገደኛውንም ሁሉ በሰላም ያግባልን።

ታናሽ ወንድምሽ