በረንዳዬን ልዝጋ ብል ፋይሌን ለዘጋው ጽሕፈት ቤት

ለተከበሩ የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ እርስዎም ቤተሰብዎም፣ በተለይም ደረጃ የሚወጡበትና የሚወርዱበት ጉልበትዎ፣ በመልካም ጤንነት ላይ እንዲገኙ ከልብ እመኛለሁ። ጉልበትን ለይቼ ያነሣሁት የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ የእናቴ ጉልበት ስለሆነ ነው።

እናቴ ከወደቀች ወዲህ የምትንቀሳቀሰው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። መኝታ ክፍሎቻችን ፎቅ ላይ ስለሆኑ ሳሎን ውስጥ፣ ሶፋው አጠገብ አልጋ ዘርግተንላታል። ልብስ የምትቀይረው ባለቤቴ አንሶላ ይዛ ስትጋርዳት ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ እንቅልፏን አቋርጣ ሻሿን ታስተካክላለች። ከሳሎኑ ቀጥሎ ግን ጣሪያ ያለው፣ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ፣ የተሰበረ ብስክሌትና ባዶ የአበባ ማሰሮ ብቻ የሚኖርበት ሰፊ በረንዳ አለን። ግድግዳና በር ቢጨመርበት ክፍል ይወጣዋል ብዬ እርስዎ ዘንድ መጣሁ። ስለተደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. በመጀመሪያ የማመሰግነው መሐንዲስዎን ነው። ቤቴ ድረስ መጥተው ከባለቤቴ አንድ ጆግ ውሃ ተቀበሉ፤ ሊጠጡ ነው ብለን ስንጠብቅ በረንዳው ላይ ደፉት። ውሃው ወደ ግቢው ሲወርድ ተመልክተውም፣ ውሃ ወደ ውጭ የሚሄድበት ወለል ውጭ ነው ሲሉ ወሰኑ። ወለሉ ተዳፋት የተደረገው ዝናብ እንዳይተኛበት መሆኑን አስረድቼ፣ ከሥሩ እርጥበት እንዳይመጣ ላስቲክ አንጥፌ በላዩ ሲሚንቶ በመጨመር እንደማስተካክለው በፕላን አሳየኋቸው። ፕላኑ ንጹሕ አሣሣል እንዳለው ነገሩኝ።

2. ፕላኑን የተረከበው ክፍል፣ መስኮት የሌለው ክፍል እንደማይፈቀድ በደግነት አስረዳኝ። መስኮት ጨምሬ ስመለስ በረንዳ መስኮት የለውም ተባልኩ። እኔ እኮ የመጣሁት ክፍል እንዲሆን ነው ብል፣ እንግዲያው መጀመሪያ ክፍል ይሁንና ይምጡ ተባልኩ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ሎጂክ ተምሬ ጥሩ ውጤት አምጥቻለሁ፤ ለካ የተማርኩት ግማሹን ነው።

3. ከሁሉ የላቀው ምስጋና ግን ለመዝገብ ቤትዎ ይገባል። ሰው ሁሉ እንደሚለው እኔም የማመልከቻዬን ርእስ «በረንዳ ለመዝጋት» ብዬ ነበር። መዝገብ ቤትዎ «ለመዝጋት» የሚለውን አይቶ ፋይሌን ዘጋው። ምነው ብዬ ስጠይቅ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ በትሕትና፣ «ጋሼ፣ ይዘጋልኝ ያሉት እርስዎ፣ ፊርማውም የእርስዎ» አለችኝና እንዲከፈት ማመልከት እንደምችል መከረችኝ። «የተዘጋው የበረንዳ ፋይል ይከፈትልኝ» ብዬ አመለከትኩ። በዚህ ጊዜ ደግሞ የተነበበው «የተዘጋው በረንዳ» የሚለው ብቻ ኖሮ፣ ያለ ፈቃድ የሠራሁትን ግድግዳ በአስቸኳይ እንዳፈርስ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ሕግ አክባሪ ነኝና ለማፍረስ ዝግጁ ነኝ፤ ነገር ግን የማፈርሰው ግድግዳ ስለሌለኝ አስቀድሞ የመሥሪያ ፈቃድ እንዲሰጠኝ እለምናለሁ።

4. አራተኛውን ቁጥር በሰፊው ላብራራ አስቤ ነበር። ይሁን እንጂ እናቴ ልብስ ልትቀይር ስለሆነ ወንዶች ከሳሎን ወጥተናል፤ ይህንንም የምጽፈው ያው በረንዳ ላይ ቆሜ፣ ወረቀቱን በብስክሌቱ ኮርቻ ላይ አስደግፌ ነው።

ክቡር ሆይ፣ እናቴ ያሳደገችኝ ብዙ ነገር ሳትጠይቀኝ ነው። አሁን የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ራሷ የምትዘጋው በር። «የምትዘጋው» የሚለውን ቃል ግን አደራዎን ለመዝገብ ቤቱ አያሳዩብኝ።

ያልሠራውን ግድግዳ እንዲያፈርስ ታዝዞም ለጽሕፈት ቤትዎ ያለው አክብሮት እስካሁን ያልፈረሰበት፣

የሴትዮዋ ልጅ

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው እናቴን ዐይታችሁ ብትፈርዱ ይሻላል ብዬ ይዣት መጥቼ ነበር። የባለጉዳይ መቀበያ ክፍላችሁ ውስጥ ወንበሯን ለቀቅ ባደርገው በራሱ ጊዜ ወደ በሩ ይንከባለል ጀመር። ዝቅ ብዬ ሳይ ወለሉ ተዳፋት ነው፤ የድሮው የበረንዳ ብረት መደገፊያም ግማሹ ከግድግዳው ውስጥ ብቅ እንዳለ ነው። እናቴ ፍሬኑን ይዛ፣ «ልጄ፣ እዚህ ቤት ወለሉም ሂዱ ይላል» አለችኝ። እንግዲህ በመሐንዲስዎ ሚዛን ከሄድን ሠራተኞችዎ ይህን ሁሉ ዘመን ባለጉዳይ ሲያስተናግዱ የኖሩት ውጭ ተቀምጠው ነው። ከተጠራጠሩ ውሃውን እኔ ይዤ እመጣለሁ።